ሳይታረም አይገለበጥም

ራም ከተጨመረለት በኋላ ላፕቶፔ ጭራሽ ባሰበት ብል ማን ያምነኛል? የጨመረልኝ የኮምፒዩተር ጠጋኙ ክንዱ እንኳ አላመነኝም። «ማህሌት፣ ራም ሲጨመርበት ይፈጥናል እንጂ እንዴት ይንቀራፈፋል?» ብሎ ፈገግ አለብኝ።  እኔ እሱ ሱቅ የሄድሁት ለጨዋታ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አባቴ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ይባላሉ። ቁንዝላ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ደብር አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዐይናቸው በሞራ ከተጋረደ ቆይቷል። ዓምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ግማሽ ጎናቸውን መታቸውና በጀልባ ባሕር ዳር አምጥቼ እኔው ቤት አስቀመጥኋቸው። እጃቸው ተመለሰ፤ እግራቸውም በምርኩዝ ተመለሰ። አንደበታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጠዋት ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ንግግራቸው ጥርት ይላል። ከዚያ በኋላ ቃል ይጠፋባቸዋል። ማንኪያውን «በር» ይሉታል፤ እኔን ጽጌ እያሉ ይጠሩኛል። ጽጌ እናቴ ናት፤ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ። ሐኪሙ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ነግሮኛል፤ ከመጣ አንደበታቸውን ጨርሶ ሊወስደው እንደሚችልም አልደበቀኝም። እንግዲህ ያለችን በቀን አንድ ሰዓት ናት።

ያቺን ሰዓት የምንፈልጋት ለቅኔያቸው ነው። ከመታመማቸው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጀልባ ተሳፍሬ ቁንዝላ እሄድ ነበር። እሳቸው በቃላቸው ይሉልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ቅኔ ጻፍን። ቅኔ መቼም ለዕለቱ ነው፤ ለበዓሉ ይዘረፋል፣ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ፣ ያልፋል። ለከርሞው ያንኑ ይዞ ብቅ የሚል ባለቅኔ መሳቂያ ነው። ስለዚህ የአባባ ቅኔ ያለው እሳቸው ራስ ውስጥና እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። ከታመሙ ወዲህ ደግሞ ከራሳቸው አውጥተው መናገር አልሆንላቸው አለ። እኔ ሳነብላቸው ግን ይነቃሉ። «ቆይ፣ እዚያ ላይ ተሳስቻለሁ፤ እንዲህ በይው» ይሉኛል፣ አርማለሁ። እኔ ግእዙን ማንበብ ተምሬአለሁ እንጂ ቅኔ ቤት ገብቼ ቅኔ አልቆጠርሁም፤ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ የተማሪ ውጤት ስመዘግብ የምውል ሰው ነኝ። ያለ እሳቸው ማረም አልችልም፤ ያለ ላፕቶፑ ደግሞ እሳቸው አይችሉም።

ላፕቶፑ ግን አሮጌ ነው። ለመነሣት ብቻ ዐሥር ደቂቃ፣ ፋይሉን ለመክፈት ሌላ ዐሥር ደቂቃ። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ይጠብቃሉ።

«ተነሣ?» ይሉኛል።

«እየተነሣ ነው አባባ።»

«ይኼስ ከእኔም ብሶ አረጀ።»

እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠላል። ካለችን አንዲት ሰዓት ሲሶዋን ይኼ ቆሻሻ ይበላታል። ስለዚህ አንድ ብልሃት አመጣሁ፤ ብልሃት ብዬ ነው የምጠራው እንግዲህ። ጨርሶ ማጥፋቱን ተውሁት። ክዳኑን ብቻ ከደን አድርጌ፣ እንደበራ ቦርሳዬ ውስጥ እከትና በባጃጅ ቢሮ ይዤው እሄዳለሁ፤ በምሳ ሰዓት የጠዋቱን እርማት አጣራበታለሁ። በማግሥቱ ክዳኑን ስከፍተው ፋይሉ እንደተዘረጋ ይጠብቀኛል። በጣም ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖም ከአንድ ቅኔ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንቀራፈፋል። ክንዱ «ራም ጨምሪበት» አለኝ። ክንዱ ድሮ እኛ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ክፍል ነበረ፤ አሁን ጊዮርጊስ አካባቢ የራሱን ጠባብ ሱቅ ከፍቷል። ጨመረልኝ። ሦስት ቀን በረረ! አባባም «እሰይ፣ ይኼ እንኳ ወጣት ሆነ» አሉ። በአራተኛው ቀን መጎተት ጀመረ። በሳምንቱ አንድ ገጽ ለመግለጥ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ያን ቀን ጠዋት አንድ ቅኔ እንኳ ሳናርም ሁለት ሰዓት ሞላ፣ አባባም «ጽጌ፣ በሩን አቀብዪኝ» አሉ። ማንኪያውን ሰጠኋቸውና በቀጥታ ወደ ክንዱ ሱቅ ከነፍሁ።

እንግዲህ ፈገግ ያለብኝ ያኔ ነው። ስድብ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረኝም።

«የበሰበሰ ራም ሸጠህልኝ ትስቃለህ?» አልሁት። «ራም ነው የጨመርኸው፤ ከራሙ በኋላ ነው የተበላሸው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ጨዋ ሰው ነው፤ ላፕቶፑን ተቀበለኝ። ፈታታው። አዲሱን ራም አወጣው፤ እንደዚያው ተንቀራፈፈ። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ብቻ አስገባ፤ ያው ነው። ቦታ አቀያየራቸው። የራሙን ጥርስ በላጲስ ፈገፈገና እፍ ብሎበት መለሰው። ከዚያ መሞከሪያ ፕሮግራም ከፈተበትና ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጥር ሲቆጥር ተቀምጬ አየሁ። አንድ ስሕተት አልተገኘበትም።

«ራሙ ንጹሕ ነው» አለኝ።

«ንጹሕ ከሆነ ማን ነው የሚያንቀራፍፈው? ሰይጣን ነው?»

ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ለጠፈና በጣቱ ዝም በይ አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አዳመጥሁ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ሰው ጥፍሩን የሚቆርጥ ይመስላል።

«ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ጽሑፍሽ የሚቀመጥበት» አለ። «ሳታጠፊው ይዘሽው ትዞሪያለሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«በባጃጅ?»

«ታዲያ በምን ልሂድ፣ በሄሊኮፕተር?»

«በኮብልስቶኑ ላይ ሲነጥር እየሠራ ያለ ዲስክ ይጎዳል፣ ማህሌት። ጉዳቱ የወጣው ራሙን ባስገባን ሰሞን ስለሆነ ሁላችንም ራሙን ጠረጠርን። አሁን ሊሞት ነው። የሥራሽ ኮፒ አለሽ?»

 ኮፒ የለኝም። የሌለኝ ደግሞ ሰንፌ አይደለም።

አባባ ወጣት ሳሉ፣ ጎንደር በኩል ቅኔ ሲማሩ፣ አንድ መወድስ፣ ስምንት ቤት ያለውን ረጅሙን ቅኔ፣ ይቀኛሉ። ገና መምህራቸው ሳያርሙት አብሯቸው የሚማር ልጅ ገልብጦ ይዞት ይሄዳል። ስሕተት ነበረበት፤ የምሥጢር ስሕተት፣ ሊቃውንት የማይምሩት ዓይነት። አባባ በዓመቱ ለበዓል ይፋግ ሲሄዱ ያ ስሕተታቸው ቀድሟቸው ደርሶ ጠበቃቸው። በጉባኤ መሐል ተሳቀባቸው። ይኼን ሲነግሩኝ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አሁንም ፊታቸው ይቀላል። ከዚያ በኋላ ማንም ቅኔያቸውን እንዲጽፍ ፈቅደው አያውቁም። እኔን እንኳ የፈቀዱልኝ ስንት ለምኜ ነው። ሲፈቅዱም አንድ ነገር አሰሩብኝ፦ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱም ታርሞ እስኪያልቅ በሌላ ቦታ አይገለበጥም፣ አይታተምም፣ ለማንም አይላክም።

አንድ ጊዜ ፈርቼ ፍላሽ ላይ ገለበጥሁት። መደበቅ አይሆንልኝምና ነገርኋቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው አስጠፉኝ። «ስሕተቴን ሁለት ቦታ ልታስቀምጭብኝ ነው?» አሉና፣ ቅስናም አላቸው፣ መስቀላቸውን አንሥተው «ሳይታረም ብትገለብጪው በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ» አሉኝ። እኔ እንዲህ ያለሁ ተሳዳቢ፣ እንዲህ ያለሁ እልኸኛ፣ ግዝት ግን እፈራለሁ። ግዝት ሲነገርባት ሳቅ ብላ የምታልፍ የመሪጌታ ልጅ ካለች አሳዩኝ።

ይኼን ሁሉ ለክንዱ ነገርሁት። የዚሁ አገር ልጅ ነውና አልሳቀም።

«ስንት ቀርቷችኋል?» አለኝ።

«አርባ አንድ።»

«አሁን ልገልብጠው። እግዜር ያውቅልሻል።»

«እግዜር ቢያውቅልኝም አባቴ አያውቁልኝም። ሄጄ አስፈትቼ ልምጣ።»

«እሺ፣ እሱን እዚህ ትተሽው ሂጂ።»

አልተውሁትም። ለምን እንዳልተውሁት ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ትንሽ አላመንሁትም፤ ራሙን ለማዳን ዲስኩን የወነጀለ መስሎኝ ነበር። ከዚያም ነገ ጠዋት ያለ ላፕቶፕ ልናሳልፍ ነው የሚለው ነገር አንጀቴን ቆረጠኝ። ክንዱ በሩ ድረስ ተከትሎኝ ወጣ። «እንዳታበሪው፣ በሞቴ። አስፈትተሽ እንደጠፋ ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ። እሺ አልሁት።

ቤት ስገባ አባባ ንግግራቸው ከደፈረሰ ቆይቷል። ያኔውኑ «ይፍቱኝ» ብላቸው ይፈቱኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ፍቺ ፍቺ ነው? አባቴን ማታለል ሆነብኝ። ጠዋት፣ በጠራች ሰዓታቸው፣ አእምሯቸው ቁጭ ሲል እጠይቃለሁ ብዬ ተውሁት።

ጠዋት ገና ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ ጠሩኝ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከታመሙ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፤ ማኅሌት እንደሚቆም ካህን ሙሉ ድምፅ።

«ማህሌት! ያቺ ያስቸገረችን መወድስ ስድስተኛ ቤቷ መጣልኝ። ቶሎ በይ፣ ሳይጠፋብኝ አንብቢልኝ!»

«አባባ፣ አንድ ጊዜ የምጠይቅዎት ነገር አለ…»

«በኋላ ትጠይቂኛለሽ! አሁን አንብቢልኝ እንጂ!»

 እንደ ልጅ ደስ ብሏቸዋል። ይችን አንዷን ብቻ፣ ከዚያ አጠፋዋለሁ፣ ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ አልሁ። አበራሁት። የተረገመ፣ ያን ቀን ቶሎ ተነሣ! አነበብሁላቸው፤ ስድስተኛውን ቤት አረሙት። እውነትም አማረ፤ እኔ እንኳ ገባኝ። «ቀጥዪ» አሉኝ። ቀጠልሁ። ሰባት ቅኔ አረምን፤ በአንድ ጠዋት ሰባት! እሺ፣ ማቆም እችል ነበር፤ አጥፍቼው «አባባ፣ ይፍቱኝ» ማለት እችል ነበር። እሳቸው እንዲያ ሲስቁ ግን እንዴት ብዬ ላቋርጣቸው? ስምንተኛው መሐል ላይ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ከዚያ ዝም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«ሰዓቱ ሞላ አባባ። ዛሬ ይበቃናል።»

«ዛሬስ ደስ ብሎኛል» አሉ።

ክንዱ ሲያየኝ ገባው። አንድ ቃል ቁጣ አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ሞከረው፣ አልታወቀም። አዲስ አበባ ዲስክ ከፍቶ ለሚያወጣ ሰው ላከው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ውስጡ ተፍቋል፣ ምንም የሚወጣ የለም አሉ። ክንዱ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ነው የነገረኝ።  ሱቁ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ፣ ቁጭ ብዬ እንደ ለቅሶ ቤት አለቀስሁ።

የአባባን የድሮ ተማሪ መምህር ጥዑመ ልሳንን እንፍራንዝ ደውዬ አገኘሁት። «የአባባ ቅኔ በቃልህ የያዝኸው አለ? አንድም ቢሆን?» ብዬ ለመንሁት።  «እትዬ ማህሌት፣ እንዳንይዝ ከልክለውን ነበር እኮ» አለኝ። «ስንሰማ ይበል አልን፤ አለፈ።» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እሱ ምን አደረገ? ምንም። ግን ማንን ልስደብ?

በነዚያ ቀናት ሁሉ አባባ ጠዋት ጠዋት ይጠይቁኛል። «ማሽኑስ?» «ሊሠሩት ወስደውታል አባባ።» «ሐኪም ቤት ተኛ በያ።» እስቃለሁ። ደግሞ እያየሁ ነው፤ ያቺ ሰዓት እያጠረች ነው። መጀመሪያ ሩብ ጎደለ፤ ኋላ ግማሹ። ሳነብላቸው ነበር ለካ የሚነቁት።

እሑድ ጠዋት ለአየር ብዬ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው፤ ዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን አስተካክዬ አስቀመጥኋቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ። ታንኳ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ይነጋገራሉ። አባባ ፊታቸውን ወደ ቁንዝላ በኩል አዙረዋል፤ አያዩትም፣ አቅጣጫውን ግን ያውቁታል።

«እንግዲህ አንብቢልኝ» አሉ። «ማሽኑን ይዘሽ የመጣሽ መስሎኝ።»

ምን ላንብብ?

«አባባ፣ ጠፍቷል።»

«ማን?»

«ቅኔው። ማሽኑ ሞተ። አዲስ አበባ ድረስ ልኬ ማውጣት አልተቻለም።»

«የታረመውስ?»

«የታረመውም።»

 ጣታቸው ምርኩዙ ላይ ይሄዳል፣ ይመጣል። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔን እንደ መለመን፣ «ያን ፍላሽ እንዳጠፋሽው በሌላ አልገለበጥሽም?» አሉኝ።

የጠረጠሩኝ መሰለኝ። «ዐይኔን ግንባር ያድርገው አባባ! ከገዘቱኝ ወዲህ አንድ ፊደል አልገለበጥሁም። በእናቴ አጥንት!» አልሁ።

ፊታቸው ጠወለገ። እንደዚያ ሲጠወልግ አይቼ አላውቅም።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ልጄ እልኸኛ ናት፣ መቼም ደብቃ ታስቀምጠዋለች ብዬ ነበር። ሆዴን ያሳርፍልኝ የነበረ እሱ ነው።»

 በሕይወቴ አንድ ቀን ታዘዝሁ፤ ያም ይኼው።

እግራቸው ሥር ተቀመጥሁና ጉልበታቸው ላይ ራሴን አደረግሁ። ፀጉሬን ዳሰሱኝ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። «ጻፊ» አሉ። ዘልዬ ተነሣሁ። ጉባኤ ቃና ነበር፤ ከሁሉም የምታጥረው፣ ሁለት ቤት ብቻ። እናቴ የሞተች ጊዜ ለዚህ ሐይቅ ማዕበል የተናገሯት ናት። የመጀመሪያውን ቤት በዝግታ አሉልኝ፤ ጻፍሁት። አንድ ቃል ላይ ቆም አሉ። «ይችስ ልክ አይደለችም፤ ሌላ ነበረች» አሉ፣ ፈለጓት፣ አላገኟትም።

«ሁለት ቦታ ጻፊው» አሉኝ።

«ሳይታረም?»

«ሳይታረም። ፈትቼሻለሁ።»

ደብተሩን ገልጬ በሌላ ገጽ ላይ ደገምሁት። ፊደሉ ተንጋደደ። ከሥሩ ለሁለተኛው ቤት ቦታ ትቼ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። አባባ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይተዋሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ከሐይቁ ነፋስ ተነሣና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ጽጌ» አሉኝ፣ «ብርድ ነው። ወደ ቤት እንግባ።»